ሕዝብ ያልተናገረው የሕዝብ ቃል

አንድ የድንጋይ ካባ፣ አንድ የመስኖ ግድብ፣ አንድ ፋብሪካ ወይም አንድ የአበባ እርሻ በአንድ አገር ሊቋቋም በታሰበ ጊዜ፣ ከጥናቱ ሰነድ በስተኋላ አባሪ ሆኖ የሚቀርብ ወረቀት አለ፤ በራስጌው «የማኅበረሰብ ውይይት ቃለ ጉባኤ» የሚል አርእስት፣ በግርጌው ክብ ማኅተም፣ በመካከሉም በተራ ቁጥር የተደረደሩ ስሞችና ፊርማዎች፣ መጻፍ ለማይችሉትም በሐምራዊ ቀለም የተነከረ የአውራ ጣት አሻራ ይገኝበታል። ይህን ወረቀት በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ከተማ በጽሕፈት ቤቱ ተቀምጦ የሚመረምር ሹም፣ የአገሬው ሰው ሁሉ በአንድ ልብና በአንድ ቃል የተስማማ መሆኑን አምኖ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል። ያው ሹም ወደ ምዕራብ ሸዋ፣ ወደ ጌዶ ወይም ወደ ባኮ ወርዶ ከፈራሚዎቹ አንዱን አዛውንት በክብር አስቀምጦ ቢጠይቃቸው ግን የሚሰማው ቃል ሌላ ሊሆን ይችላል። «ልጄ፣ እኔ የፈረምሁት ለውሎ አበሉ ነው፤ ስለ ጫካው የጠየቀኝ ማን ነው?» የሚሉ አባቶችን በእኛ አገር ማግኘት አያስቸግርም። በስብሰባ የተገኙ ሰዎች ዝርዝር፣ የአበል መክፈያ ዝርዝርና የፈቃደኞች ዝርዝር አንድ ወረቀት እስከሆኑ ድረስ፣ ለመቶ ብር የተሰጠ ፊርማ ለመቶ ዓመት ደን እንደ ተሰጠ ፈቃድ ይቆጠራል።

እኔ ዛሬ ልጽፍበት የወደድሁት ነገር ይህ ነው፤ ባለ ጥቅሙ ወይም ባለ ሥልጣኑ የራሱን ፈቃድ በሕዝብ አፍ አድርጎ ማናገሩ፣ በተለይም ስለ ደን፣ ስለ ውሃና ስለ መሬት በሚደረገው ክርክር የሌለ ማኅበር ፈጥሮ፣ ያልተጻፈ አቤቱታ ጽፎ፣ ያልተሰበሰበ ጉባኤ አስመስሎ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» ማለቱ። የዚህ ክፉ ሥራ ጉዳቱ በውሸቱ ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባልተጨነቅሁ፤ የባሰው ጉዳት ሐሰተኛው የሕዝብ ድምፅ ከበዛ በኋላ እውነተኛው ሕዝብ በተናገረ ጊዜ እርሱም ሰው የላከው፣ ገንዘብ የገዛው ነው ተብሎ የማይታመን መሆኑ ነው። ምዕራብ ሸዋም ይህንን በሁለቱም በኩል ቀምሶታል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ በሰንበት ትምህርት ቤት ያልተማረ ልጅ በመካከላችን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን ስንተርክ ብዙውን ጊዜ የምናስተውለው የአክዓብን ስስትና የኤልዛቤልን ጭካኔ ሲሆን፣ ርስቱ የተነጠቀበትን ሥርዓት አናስተውለውም። ንግሥቲቱ ወታደር ልካ የወይኑን ቦታ በጉልበት አልነጠቀችም፤ በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ፣ በንጉሡ ማኅተም አትማ፣ ለከተማይቱ ሽማግሌዎችና ታላላቅ ሰዎች ላከች እንጂ። ጾም ታወጀ፤ ጉባኤ ተጠራ፤ ናቡቴ በሕዝቡ ፊት በከበረ ቦታ ተቀመጠ፤ ሁለት ምናምንቴ ሰዎችም ቆመው መሰከሩበት። ከዚያ በኋላ በድንጋይ የወገረው ንጉሡ ሳይሆን የገዛ አገሩ ሕዝብ ሆነ። ጾሙ፣ ጉባኤው፣ ሽማግሌው፣ ምስክሩ ሁሉ በሕጉ ቦታ ላይ ነበረ፤ የጎደለው የሕዝቡ እውነተኛ ፈቃድ ብቻ ነበረ። መሬትን በሕዝብ ስም መውሰድ ከፈለገ ሰው ዘንድ ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ አልተለወጠም።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ ጌዶ ላይ የምዕራቡ መንገድ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ቁልቁል ወደ ባኮና ወደ ነቀምቴ ሲወርድ ሁለተኛው ወደ ፊንጫ ያመራል። በፊንጫ በኩል በ1965 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀቀው ግድብ የጮመንን ረግረግና በዙሪያው የነበረውን ግጦሽና እርሻ በውሃ ሲያስጥመው፣ ከብቱን ይዞ ወደ ዳገቱ የተሰደደው ገበሬ ፈቃዱን ተጠይቆ እንዳልነበረ በዚያ አገር የማያውቅ የለም። የዘመኑ መንግሥት ግን አንድ ነገር አላደረገም፤ ገበሬውን አልጠየቀም እንጂ ጠይቄው እሺ አለኝ ብሎ አልመሰከረበትም። ንጉሣዊው አስተዳደር የሕዝብን ፈቃድ እንደ ማስረጃ የሚያስፈልገው ነገር አድርጎ አልቈጠረውም ነበርና። ቀጥሎ የመጣው የደርግ መንግሥት ግን በሕዝብ ስም የቆመ በመሆኑ፣ ሕዝቡ በሁሉ ነገር የተሳተፈ መስሎ መታየቱ ግዴታ ሆነ፤ አስመሳዩ ተሳትፎም ከዚያ ወዲህ በቀበሌውና በገበሬ ማኅበሩ ሥር ሰደደ።

ስለ ደን ይህን ያህል ግልጥ ምስክር የሆነ ዘመን የለም። በደርግ ዘመን፣ ከሁሉም ይልቅ ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ፣ ገበሬው በማኅበሩ ትእዛዝ እየወጣ፣ ለሥራው እህልና ዘይት እየተሰፈረለት፣ በተራቆተው ተራራ ላይ እጅግ ብዙ ችግኝ ተከለ፤ ዳገቱን በእርከን አሰረ፤ ከብትም እንዳይገባ ተከለከለ። በሪፖርቱ ሁሉ «በሕዝብ ተሳትፎ» ተብሎ ተጻፈ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በወደቀና አዲሱ ገና ባልጸናበት በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ግን፣ ሕዝቡ በፈቃዱ የተከለው ነው የተባለው ደን በያገሩ በመጥረቢያ ተመነጠረ፤ አጥሩ ፈረሰ፤ ዛፉም ማገርና ማገዶ ሆነ። ገበሬው ዛፍን ስለሚጠላ አልቈረጠውም፤ በራሱ ደጅ የተከለውን ባሕር ዛፍ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለውን ጽድና ወይራ አልነካምና። የነካው በስሙ ተጽፎለት የእርሱ ያልነበረውን ነው። ሐሰተኛ ፈቃድ በወረቀት ላይ ለብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ በተራራ ላይ ግን የኖረው ጠባቂው እስኪነሣ ድረስ ብቻ ነበረ።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ሥራ ከዚሁ ከምዕራብ ሸዋ ሳንወጣ እናገኛለን። በደንዲ ወረዳ ከግንጪ በላይ ያለው የጪሊሞ ደን፣ ጽዱ፣ ዝግባውና ወይራው ገና ያልጠፋ፣ የአዋሽ ወንዝ ከሚነሣባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነ የቆየ ደን ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በአገራችን ከሁሉ አስቀድሞ አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለውን አሠራር ከጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ጪሊሞ ነበረ። ሥራው የተጀመረው ፊርማ በመሰብሰብ አልነበረም፤ የደኑ ተጠቃሚ ማን ነው፣ ድንበሩስ የት ላይ ነው፣ ማገዶ የሚለቅሙት ሴቶች፣ ቀፎ የሚሰቅሉት፣ ከብት የሚያሰማሩት እያንዳንዳቸው ምን ያጣሉ፣ ምንስ ያገኛሉ በሚለው ላይ ረጅም ድርድር ተደርጎ፣ ክርክርና ኩርፊያም ተጨምሮበት፣ በመጨረሻ መብቱም ግዴታውም በውል የተጻፈበት ስምምነት በመንግሥትና በደን ተጠቃሚው ማኅበር መካከል ተፈረመ። ይህ አሠራር ጉድለት አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ ከማኅበሩ ውጭ የቀረው ድኻና ገና መሬት ያልያዘው ወጣት የሚያነሡት ቅሬታ እውነተኛ ነው። ነገር ግን እውነተኛ ፈቃድ የሚታወቅበትን ምልክት ያሳየናል፤ ሰዎች «አይሆንም» ማለት የሚችሉበትና ካሉም በኋላ ነገሩ የሚለወጥበት መሆኑን። ሁሉም እሺ ያለበትና አንድም ቃል ያልተለወጠበት ውይይት፣ ቃለ ጉባኤው ምንም ያህል ቢረዝም፣ ውይይት ነበረ ለማለት ያስቸግራል።

በዚያው በጪሊሞ አጠገብ፣ በግንጪ ከተማ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. የሆነውን አንባቢ ያስታውሳል። ተማሪዎች የኳስ ሜዳቸው ለሌላ ጥቅም መሰጠቱንና የጪሊሞ ደን ክፍል ለባለ ሀብት ሊመነጠር ነው መባሉን ተቃውመው ወጡ። ከዚያ በፊት በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አምቦ ላይ፣ አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን በአንድነት ያቀናጃል በተባለው ማስተር ፕላን ምክንያት ተቃውሞ ተነሥቶ ደም ፈሶ ነበርና፣ የግንጪው ጩኸት ብዙም ሳይቆይ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ ቀጥሎም በመላው ኦሮሚያ ተሰማ። ስለ ማስተር ፕላኑ ከሕዝብ ጋር ምክክር ተደርጓል ይባል ነበር፤ በአዳራሽም ስብሰባዎች መደረጋቸው እውነት ነው። ያን ሁሉ ሰው ወደ አደባባይ ያወጣው ግን፣ ምክክሩ ከሆነ የተመከረበት ሕዝብ የት ነው የሚለው ጥያቄ ነበር።

ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የመጀመሪያው መልስ ነው። ገበሬውና ተማሪው በራሱ አፍ፣ በራሱ ቋንቋ፣ ስለ ራሱ መሬት ሲናገር፣ ከባለ ሥልጣናቱ የተሰማው ቃል «ከጀርባ ሆነው የሚገፏቸው ፀረ ሰላም ኃይሎች አሉ» የሚል ነበር። እውነተኛው የሕዝብ ድምፅ እንደ ሐሰተኛ ተቈጠረ፤ በቃለ ጉባኤ የተጻፈው ደግሞ እንደ እውነት ጸና። ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. የክልሉ ገዥ ፓርቲ ኦሕዴድ ማስተር ፕላኑ መቅረቱን አስታወቀ፤ በመጋቢት ወር መባቻም ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በተወካዮች ምክር ቤት ቆመው የመልካም አስተዳደር ጉድለት የመንግሥት መሆኑን አምነው ይቅርታ ጠየቁ። ይህ ማለት ያ ሕዝብ ማንም ያልላከው ሕዝብ ነበረ ማለት ነው። ያ መታመን በኅዳር ወር በግንጪ ቢገኝ ኖሮ ስንት እናት ልጇን ባልቀበረች! ይህን ስጽፍ ቁጣዬን መደበቅ አልሻም።

ከምዕራብ ሸዋ ውጭ ያለውም ከዚህ የተለየ አይደለም። በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ግንባታው በ1998 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ የጸደቀው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ሕንጻው ከተጀመረ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ደግሞ ፈቃድ ነው ለማለት ይከብዳል። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የውሃ ኃይል ጉባኤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የግድቡን ተቃዋሚዎች አፍሪካን ኋላ ቀር ሆና ለጎብኚ እንደ ሙዚየም እንድትቀር የሚሹ ናቸው ብለው ገሠጹ። በውጭ አገር ያሉት ተሟጋቾችም በበኩላቸው በወንዙ ዳር ስለሚኖሩት ስለ ሙርሲ፣ ስለ ካራና ስለ ዳሰነች ሕዝቦች አብዝተው ይናገሩ ነበር። ከሁለቱም ወገን ስለ እነዚህ ሕዝቦች የተነገረው እጅግ ብዙ ሲሆን፣ እነዚህ ሕዝቦች ራሳቸው የተናገሩት ለጆሯችን የደረሰው ጥቂት መሆኑ ዛሬም ያሳዝነኛል። ወደ ጉጂም ብንሻገር፣ በለገደምቢ የወርቅ ማዕድን ዙሪያ ያለው ሕዝብ በማዕድኑ ኬሚካል ምክንያት ሰውና ከብት ይታመማል እያለ ዓመታት ሙሉ ሲጮህ ኖሮ፣ የማዕድኑ ፈቃድ የታገደው ሕዝቡ በ2010 ዓ.ም. መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው።

ይህ በድኻ አገር ብቻ የሚሠራ ተንኮል የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ወደ አሜሪካ ይመልከት። በሰኔ 2001 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት የከባቢ አየርን ሙቀት ለመቀነስ የወጣውን ረቂቅ ሕግ ሊወስንበት ሲዘጋጅ፣ ቶም ፔሪዬሎ ለተባለው የቨርጂኒያ እንደራሴ ከላቲኖ ተወላጆችና ከጥቁሮች መብት ተሟጋች ማኅበራት የተላኩ የሚመስሉ ደብዳቤዎች ደረሱት፤ ሕጉን እንዲቃወምላቸው የሚለምኑ። በኋላ ሲመረመር ደብዳቤዎቹን የጻፏቸው ማኅበራቱ አልነበሩም፤ ለድንጋይ ከሰል ኩባንያዎች ኅብረት ይሠራ የነበረ ቦነርና ተባባሪዎቹ የተባለ ድርጅት በማኅበራቱ አርማ አስመስሎ የጻፋቸው ነበሩ። በኒው ኦርሊንስ ከተማ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ኢንተርጂ የተባለው የመብራት ኩባንያ የጋዝ ኃይል ማመንጫ ሊሠራ ባሰበ ጊዜ፣ የከተማው ምክር ቤት ሕዝቡን ሊሰማ የተቀመጠበት አዳራሽ አንድ ዓይነት ብርቱካናማ ሸሚዝ በለበሱ ደጋፊዎች ተሞላ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በደሞዝ የተቀጠሩ ተዋንያን ሆነው ተገኙ፤ ተቀምጦ ለሚያጨበጭብ 60 ዶላር፣ ተነሥቶ ለሚናገር 200 ዶላር ተከፍሎ ነበር። ወንበሩ በእነርሱ በመያዙ በእውነት ሊቃወሙ የመጡት ሰዎች ከበር ውጭ ቀሩ። ኩባንያው የቀጠርሁት ድርጅት ያደረገው ነው እንጂ እኔ አላወቅሁም ቢልም፣ ምክር ቤቱ 5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ ማመንጫው ግን ቀድሞ ተፈቅዶ ነበር።

በዚያ አዳራሽ የነበረው ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ባለ ቀለም ሸሚዝ ለብሶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ምሳና ውሃ ተሰጥቶት፣ ያልጻፈውን መፈክር ከፍ አድርጎ የሚቆም ሰው በእኛም አደባባይ ታይቷል። እኔ ያን ሰው አልኮንነውም። ከሥራው የቀረበት ቀን ደሞዙ ነውና፣ በቀበሌው ስም ተጠርቶ እንዳይቀር የሚያስፈራው ብዙ ነገር አለና። ኃጢአቱ በድኻው እጅ ሰሌዳ አስይዞ ከኋላው የቆመው ነው።

በአሁኑ ዘመን ደግሞ አዳራሽም ሸሚዝም ሳያስፈልግ በእጅ ስልክ ብቻ ሕዝብ ይፈጠራል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ፌስቡክ ከኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋር አያይዞ 65 አካውንቶችንና 52 ገጾችን አስወገደ፤ በዚያው ሰሞንም በግብፅ ካለ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር የተያያዙ፣ የእኛን ሕዝብ ዒላማ ያደረጉና በህዳሴ ግድብ ላይ የሚዘምቱ ሌሎች ገጾችን አነሣ። ስለ ዓባይ ውሃ የሚነጋገረው የአገሬ ወጣት የማን ሐሳብ እንደሚመልስለት የማያውቅ ከሆነ፣ የራሱን ወገን ሐሰተኛ ገጽ ከባዕዱ ሐሰተኛ ገጽ ለይቶ አንዱን መልካም ሌላውን ክፉ ማለቱ የሚጠቅመው አይመስለኝም። ሁለቱም ወንድሙ ሳይሆኑ በወንድሙ ድምፅ ይናገሩታልና።

እውነተኛ ማኅበር በጠፋበት ቦታ አስመሳዩ ይበዛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከመቶ ዐሥር እጅ በላይ ከውጭ የሚያገኝን ማኅበር በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ በከለከለ ጊዜ፣ ስለ መሬትና ስለ ደን አቤት የሚሉ ማኅበራት ብዙዎቹ ስማቸውን ለውጠው ችግኝ ወደ ማደል ወይም ወደ ዝምታ ተመለሱ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል፤ ይህን በምስጋና እቀበላለሁ። ነገር ግን በዐሥር ዓመት ውስጥ የተለመደው ዝምታ በአንድ አዋጅ አይሰበርም፤ በየወረዳው ስለ አካባቢው የሚናገር ማኅበር ሲፈለግ ዛሬም ቶሎ የሚገኘው በወረዳው ደብዳቤ የተቋቋመው ነው።

ሕጉ ጨርሶ የጠፋ ቢሆን ይህን ባልጻፍሁ፤ ሕጉ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 እና አንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የልማትና የአካባቢ ሥራ ላይ የመመካከርና አሳቡን የመግለጽ መብት ሰጥተውታል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 በዐሥራ አምስተኛው አንቀጽ፣ የጥናቱ ሰነድ ለሕዝብ እንዲገለጥና በተለይ ጉዳቱ የሚደርስበት ማኅበረሰብ የሰጠው አስተያየት በሰነዱም በግምገማውም እንዲካተት ያዛል። ስለዚህ የምጠይቀው አዲስ ሕግ ሳይሆን፣ ያለው ሕግ በእውነት እንዲፈጸም የሚያደርግ ትንሽ ሥርዓት ነው። ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጻፈው ሰነድ ቢያንስ ፍሬ ነገሩ በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ በጌዶ፣ በጉደር፣ በግንጪ ገበያና በየቀበሌው ደጃፍ ከስብሰባው አስቀድሞ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችለውም በገበያ ቀን ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ያንብብለት። የአበሉ መዝገብ ከአስተያየቱ መዝገብ ይለይ፤ አንዱ ላይ የፈረመ በሌላው ላይ እንደ ፈረመ አይቈጠር። ማናቸውም ማኅበር፣ የአገር ውስጥም ይሁን የውጭ፣ ስለ አንድ ደን ወይም ወንዝ በሕዝብ ስም ሊናገር ሲነሣ ገንዘቡን ከየት እንዳገኘ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ፤ ይህ ባለ ፋብሪካውን የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም እኩል ይግዛ።

ከሁሉ በላይ የምለምነው፣ የተቃወመው ሰው ቃል በቃለ ጉባኤው ውስጥ ከነምክንያቱ እንዲጻፍ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌዎች በዋርካ ጥላ ሥር ሲቀመጡ እሺ ያለው ብቻ አይደለም የሚሰማው፤ እምቢ ያለውም እስኪጨርስ ይጠበቃል፤ ምክንያቱም ይደገማል፤ ነገሩም ሳይቋጭ ለሌላ ቀን ሊቀጠር ይችላል። በወረዳው አዳራሽ የሚጻፈው ቃለ ጉባኤ ግን «ተሳታፊዎች ጥያቄ አቅርበው ከመድረኩ በቂ ማብራሪያ ተሰጥቷል» በሚል አንድ መስመር ያልፈዋል፤ ጥያቄው ምን እንደነበረ፣ ማብራሪያውም ምን እንደነበረ፣ ጠያቂው ረክቶ እንደሆነ ወይም አዝኖ እንደ ወጣ የሚጽፍ የለም። ይህች አንዲት መስመር ተሰርዛ በምትኩ ጥያቄው ራሱ፣ በጠያቂው ቋንቋ፣ ጠያቂው ስሙ እንዳይጻፍ ቢፈልግ ያለ ስሙ ይጻፍ። ሰነዱን የሚመረምረው ሹምም አንድ እንኳ የተቃውሞ ቃል የሌለበት ቃለ ጉባኤ ሲቀርብለት ወደ መጣበት ይመልሰው።